ከሁለተኛው ታንጎ በፊት

የእራቱ ዝግጅት የተበላሸው ታንጎ የሚጨፍረው ሰው በመሀሉ ስለሞተ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በማግሥቱ ነው፤ በዚያ ማታ ሥጋችንን በልተን፣ አጨብጭበን፣ ተኝተናል።

ኅዳር 1977 ነበር። የፖሊስ መርማሪ ነኝ፤ ለስልጠና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነበር። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሆነ አውቶቡሳችን ከሚሴ ላይ አደረ። ቦርሳዬን ይዤ ጀይላን ሆቴል ስደርስ፣ ልሳነወርቅ የሚባል ካድሬ በረንዳው ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ይመርጣል። ወደ ሰሜን የሚያልፉ የውጭ አገር እንግዶች እዚያው አርፈዋል። ረሃቡን ሊያዩ ነው የመጡት። እራት ይበላሉ፣ ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣ የኪነት ቡድን ያጫውታቸዋል፣ አዳራሹም ሕዝብ ያለበት መምሰል አለበት።

«ንጹሕ ልብስ ያለው ይግባ» አለ ልሳነወርቅ።

እኔ ንጹሕ ልብስ ነበረኝ። ገባሁ። ንጹሕ ልብስ የሌላቸው፣ ከገጠር ወርደው አጥሩ ሥር የሰነበቱት ሰዎች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቀበሌ ጥበቃዎች ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ተነድተዋል። እንግዶቹ ረሃቡን የሚያዩት ሩቅ ሰሜን ነው ተብሎ በፕሮግራም ተወስኗል። ከሚሴ የእራት ቦታ ናት።

ገና ሳንቀመጥ ጄኔሬተሩ ጠፋ። የሆቴሉ ባለቤት ጀይላን ባትሪ አብርቶ በጨለማው አንድ በአንድ እየመራ ወንበራችን ላይ አስቀመጠን። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለሁሉም የሚያጎነብስ ሰው ነው። መብራቱ ሲመለስ ማስታጠቢያ ይዞ የእንግዳውንም የሾፌሩንም እጅ ራሱ አስታጠበ። ከምግቡ በፊት አንድ ታንጎ፣ ከምግቡ በኋላ ሌላ ታንጎ እንደሚቀርብ ካድሬው ተነሥቶ አበሰረ። ለምን ታንጎ? ፈረንጅ ታንጎ ይወዳል ብሎ የወሰነው እሱ ነው። ማንንም አልጠየቀም።

አኮርዲዮኑ ጀመረ። ወንዱ አደም ይባላል፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ አስተኝቷል። ሴቷ ኡሚ ናት፤ ቀይ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ የተሰነጠቀ ነው። በደንብ ጨፈሩ። ይህን የምለው ታንጎ አውቄ ሳይሆን ጠባቧን ወለል ተሸክመው እንደሚዞሩ ሆነው ስለታዩኝ ነው። አደም ሲዞር ፊቱ ላይ ንዴት ነበረ። ጭፈራው የሚጠይቀው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ምግብ መጣ። የእስላም ሥጋ በአንድ ጎን፣ የክርስቲያን ሥጋ በሌላው ጎን፣ በመካከሉ ነጭ ዳቦ እንደ ክምር። ከጎኔ የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ቃሲም ነበር፤ ዳቦውን በሁለት እጁ እየገመጠ አጥንት ይቆረጥም ነበር። አንዴም ከወንበሩ አልተነሣም።

ሁለተኛው ታንጎ ሲጀመር ኡሚ ብቻዋን ወጣች። መሀል ወለሉ ላይ ቆማ በሩን ታያለች። አኮርዲዮኑ መግቢያውን ደገመው። ደግሞም ደገመው። እንግዶቹ የጭፈራው አካል መስሏቸው ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ልሳነወርቅ ኮቱን ቆለፈና ተነሥቶ ወገቧን ያዘ። ስትራመድ እየረገጣት፣ እሷም በትከሻው ላይ በሩን እያየች፣ ዜማው እስኪያልቅ ተንገላቱ። ትልቁ ጭብጨባ የተሰማው ያኔ ነው።

ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ እንደገና ሲጠፋ ጀይላን ሻማ ይዞ መጣ። «የባትሪዬ ድንጋይ አልቋል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። ሻማችንን ይዘን ወደየክፍላችን ገባን።

*

ጧት በሬን ያንኳኳው ሃምሳ አለቃ ሙሀመድኑር የሚባል ሽማግሌ ፖሊስ ነው።

«አከም ቡልተን፣ መቶ አለቃ። ደህና አደሩ? አዛዣችን ለሰፈራ ሥራ ሄዷል። ሬሳ አለን። ካድሬው ይጠራዎታል።»

ከሆቴሉ የኋላ አጥር ወዲያ የፋጡሜ ግቢ ነው። ፋጡሜ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተበተኑ ሴት ናት። በዚህ አገር ሰው ማሽላውን የሚያኖረው መሬት ውስጥ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይና በጭቃ ያትመዋል። የፋጡሜ ጉድጓድ ድንጋዩ ተነሥቶ አፉ ተከፍቶ ነበር። ሙሀመድኑር ከሁሉ በፊት ፋኖስ ለኩሶ በገመድ አወረደ። እሳቱ አነሰ፣ ቆየና ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሸሚዙን አውልቆ የወረደው። እንዲህ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ጨፋ ሮቢት ያሉ የእናቴ ዘመዶች በልጅነቴ አሳይተውኛል። ታትሞ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ይገድላል። ተከፍቶ ውሎ ይናፈሳል፣ ከዚያ ፋኖስ ይወርዳል፣ ፋኖሱ ከጠፋ ማንም አይወርድም።

አደምን በገመድ አወጣነው። ጥቁር ልብሱ ገለባ በገለባ ሆኗል፣ ግንባሩ ተፈንክቷል። ከሥሩ የእርዳታ ማኅተም ያለባቸው የስንዴ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ከጎኑ አንድ ባትሪ ወድቆ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚበራበት አቅም የቀረው ይመስል ገና ቢጫ ብርሃን ይተፋ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው ራሷ ፋጡሜ ናት፤ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ ድንጋዩ ተነሥቶ አየች፣ ጮኸች። ጩኸቷን ሰምቶ የደረሰው ካድሬው ነበር። እኔ ስደርስ እጇ ታስሯል።

«እህል ደባቂ ናት» አለኝ ልሳነወርቅ። «ልጁ ደረሰባት፣ መትታ ጣለችው። ዛሬ ቃሏን ተቀብለሽ ፈርሚ። ነገ ጧት መኪናው ደሴ ያደርሳታል።»

«ደሴ ምን ትሆናለች?»

«ሕዝብ እየተራበ ስንዴ የቀበረ ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ይረሸናል።

የፋጡሜን ክንድ አየሁት። በገመዱ ውስጥ ይሽከረከራል። ይህች ሴት አንድ ጎረምሳ መትታ ጉድጓድ ጣለች የሚል ሰው ተርቦ አያውቅም። በጆንያ ስንዴ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ከስታለች የሚል ደግሞ ሌላውን ሁሉ ጅል አድርጎ የሚያይ ነው። ይህን ስነግረው ሰዓቱን አየና ሄደ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሬሳውን አገላብጦ አየ። የግንባሩ ቁስል ብዙ አልደማም፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ታፍኖ ነው የሞተው፤ የወደቀውም ከታፈነ በኋላ ነው። ማንም አልመታውም። ሙሀመድኑር ጉድጓዱ ነው የገደለው ብሎ ካየው ጀምሮ ሲናገር እንደነበር አስታወሰኝ። እንግዲያው የገዛ ሞኝነቱ ነው ማለት ነው። በዚያን ሰዓት በሟቹ ተናደድኩበት፤ ሰው ስሙ አደም፣ ሃምሳ አለቃው እንዳለኝም ዘሩ ከከሚሴ ሆኖ እንዴት ያልተናፈሰ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል?

*

ፋጡሜ በእስር ክፍሉ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። እጇን ፈታሁት። አላመሰገነችኝም፣ ጥሩ አደረገች።

አደም የወንድሟ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ አድጓል፤ ከሚሴን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ጓዙን ሆቴል እንዳስቀመጠ አክስቱን ፈልጎ መጣ። የምታቀርብለት ነገር አልነበራትም። አፍራ ስታለቅስ ምክንያቱን ነገረችው። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ጉድጓዷ ባዶ ነበር። አምና ቃሲም መጣና ለማኅበር እህል እንፈልገዋለን ብሎ ወሰደው። ማታ ማታ ጆንያ ሲወርድበት፣ ማታ ማታ ሲወጣበት ከረመ። ከአጥሩ ወዲያ ዳቦ ሲጋገር ይሸታታል። አፏን ከከፈተች ደባቂዋ እሷ እንደምትሆን ቃሲም አስቀድሞ ነግሯታል።

«አደም ምን አለ?» አልኳት።

«ዛሬ ማታ እንግዶቹ ፊት አንድ ጆንያ አወጣለሁ አለ። ማኅተሙን ያንብቡት አለ። ተው አልኩት። አባቱም እንዲህ ነው፣ ተው ሲሉት የሚብስበት።»

ሐሳቡን ስላልተወ ፋኖሷን ሰጠችው። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በወረቀት ያጣበቀችው ፋኖስ ነው፤ የቀበሌ ላምባ ሞልታበት ነበር። ለኩሰህ አውርደው፣ ከጠፋ ተመለስ አለችው። አስደገመችውም። እሱም ደገመላት።

ቃል መቀበያዬ ላይ የያዝኩት ብዕር ቆመ። «ጉድጓዱ መቼ ተከፈተ?»

«እኔ ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ሰላት ስወጣ ጭቃው እንደታተመ ነበር። ከዚያ ጥበቃዎቹ እንግዳ አለ ግቡ ብለው ቤታችንን ዘጉብን።»

ሞኝ አልነበረም እንግዲህ። ደንቡን ያውቅ ነበር፤ ፋኖስም በእጁ ነበረ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን የተገኘው ባትሪ ነው። ባትሪ በመጥፎ አየር አይጠፋም። ሬሳ አጠገብም ሲበራ ያድራል።

*

በከሚሴ በዚያ ዓመት ባትሪና የባትሪ ድንጋይ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቃሲምን ቢሮው አገኘሁት። ባትሪህ የት ነው ስለው ከኮቱ ኪስ አወጣና ፊቴ ላይ አበራብኝ።

«ሌላስ ምን ላሳይሽ፣ መቶ አለቃ?»

ስለ ጉድጓዱ ጠየቅኩት። ጉድጓዱ የሴትየዋ ነው፣ እኔ የሰው ጉድጓድ አላውቅም አለ። ማታ የት ነበርክ አልኩት። ሳቀ፤ ጥርሱ መሀል ሥጋ አለ።

«ካንቺ ጎን ነበርኩ እንጂ። አጥንት ስቆረጥም እያየሽ ፊትሽን ስታጠቁሪ አልነበረም? ዳኛ ፊት ቁሚልኝና መስክሪልኝ።»

ብመሰክር የምለው ያንኑ ነው። ሌባ ነው፤ ያን ማታ ግን አልተነሣም። ከቢሮው ስወጣ ሁለት ሰዎች ከፋጡሜ ግቢ ጆንያዎቹን በጋሪ እየጫኑ ነበር። ማን አዘዛችሁ ብል ወደ መጋዘን እንዲገባ ጓድ ልሳነወርቅ አሉኝ። እንዲያቆሙ ነገርኳቸው። አንደኛው ቀና ብሎ አየኝና ጫነ። ሙሀመድኑር ክንዴን ያዘ፤ ያ ባይሆን ሽጉጤን አወጣ ነበር።

*

ኡሚ ክፍሏ ውስጥ ቀይ ቀሚሷን ሻንጣ ውስጥ እየጠቀጠቀች ነበር። የኪነት ቡድኑ እንግዶቹን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሊሄድ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ከአደም ጋር ተጣልተን ነበር፣ የት እንደሄደ አላውቅም አለችኝ። ቁጭ በይ አልኳት። መኪናው እየጠበቀኝ ነው አለች። በሩ ላይ ቆምኩ።

«አደምን እንደ ሕፃን ምክሯን ያስደገመችው አክስቱ ነገ ልትረሸን ነው» አልኳት። «አንቺ እኮ በሩን ስታዪ ነበር። ምን ትጠብቂ ነበር?»

አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ጆንያውን» አለች። «አንቺ ብቻሽን ጀምሪ አለኝ። ሁለተኛውን ከስንዴ ጋር ነው የምጨፍረው አለኝ። ተሸክሞት ሊገባ ነበር።»

እሷ ቆማ የጠበቀችው ያንን ነው። በትከሻዋ ላይ የካድሬው አገጭ ተንተርሶ፣ እሷ በበሩ ጆንያ ተሸክሞ የሚገባ ሰው ትጠብቅ ነበር። ሲቀር ፈርቶ የተወው መስሏት ነበር። ሌሊቱን ስትሰድበው አደረች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በቀሚሱ ሸፈነች፤ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

ልብ ያልኩት የመጨረሻውን ነው። አክስትህ ጉድጓዱ ይገድላል አላለችህም ወይ ብላው ነበር። እሱም አይዞሽ፣ የሚረዳኝ ሰው አለ፣ ከቀትር ጀምሮ ከፍቶ ሲያናፍስልኝ ውሏል ብሏታል። ስሙን ግን አልነገራትም፤ ማወቋ እንዳያስጠይቃት።

በመግሪብ የታተመ ጉድጓድ ከቀትር ጀምሮ ሲናፈስ ሊውል አይችልም። የሚረዳው ሰው ዋሽቶታል። የሁሉንም ሰው አዋዋል ስጠይቅ ያረፈድኩት በከንቱ ነው፤ አደም ሲሞት ማን የት ነበር የሚለው ጥያቄ ምንም አያወጣም። ገዳዩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም አላስፈለገውም። ድንጋዩን አብሮ አንሥቶ፣ ባትሪ አስጨብጦ፣ ወደ እንግዶቹ መመለሱ በቅቶታል።

*

ከአዳራሹ አስተናጋጆች ጀመርኩ። ምግብ ሲቀርብ ጋሽ ጀይላን የት ነበር? ማድቤት ነበር አሉ። ማድቤቱን ጠየቅኩ። ጋሽ ጀይላን? አዳራሽ እንግዳ ሲያስተናግድ ነበር አሉ። እያንዳንዱ ወገን ምሎ የሚመሰክርለት ሰው ነው፤ አንዱም ግን አላየውም።

ጀይላን ባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ ይወለውላል። ከራሱ በላይ የሆቴሉ ፋኖሶች በምስማር ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ሻይ ልዘዝልሽ አለ። አልፈልግም አልኩት። በአደም ሞት እንዳዘነ፣ ኢንና ሊላሂ ካለ ወዲህ እህል እንዳልቀመሰ ነገረኝ። ጎሳው ከእኛው ነው፣ የአገራችን ልጅ ነው አለ።

«ባትሪዎን ያውሱኛል? ጉድጓዱን ልየው ነው።»

«ወይ የኔ እህት፣ ለእንግዶቹ ሾፌር ሰጠሁት። ጧት በጨለማ ሲነሡ ለመንገድ አለኝ።»

«ማታ ድንጋዩ አልቋል ብለውን አልነበር? ድንጋይ የሌለው ባትሪ ለሾፌር ምን ያደርግለታል?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ቀና ብዬ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሁሉም መስታወት ጥላሸት ጠጥቷል። የአንዱ ብቻ ጠርቷል፤ ስንጥቁ ላይ ወረቀት ተጣብቋል። አወረድኩት። ሆዱን ላምባ እስከ አፉ ሞልቶታል፤ ክሩ አልነደደም።

ይህን ፋኖስ ቦርከና ቢጥለው ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። ግን ላምባ በኩፖን በሚታደልበት ዓመት ሙሉ ፋኖስ የሚጥል የከሚሴ ነጋዴ የለም። እጁ እምቢ አለው። ሰው መግደል አላቃተውም፤ ላምባ መጣል አቃተው።

«የፋጡሜ ነው» አለ ጀይላን ራሱ፣ ገና ሳልጠይቀው። «አደም እዚህ ትቶት ሄደ።»

«ትቶት አልሄደም። አንተ ነህ የወሰድክበት።»

አንተ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ያን ቀን ያንን ፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጄ፣ እጄን አላነሣሁበትም። ራሱ ለምኖኝ ድንጋዩን አገዝኩት። የፋኖስ ብርሃን ከአጥር ወዲያ ይታያል፣ ጥበቃዎቹ ያዩሃል ብዬ ባትሪዬን ሰጠሁት። ይህ ምን ክፋት አለው? ዘሩ የዚህ አገር ነው፣ ጉድጓድ ያውቃል ብዬ ነው። ሁሉም ያውቃል።»

«አንተም ታውቃለህ። የራስህ ሁለት ጉድጓድ አለህ። ሠራተኛህን በባትሪ አውርደህ ታውቃለህ?»

ብርጭቆውን መልሶ አነሣና መወልወል ጀመረ። ከማድቤት ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

«አንድ ቀን እንኳ፣ ጀይላን። ያለ ፋኖስ ሰው አውርደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረኝ። የእራት ዝርዝር እንደሚያነብ አድርጎ፣ በዝግታ ነው የነገረኝ። ስንዴውን ቃሲም ያመጣል፣ እሱ ይጋግራል፣ የተረፈውን ባቲ ገበያ ይሸጣሉ። አደም ወደሱ የመጣው የአገር ሽማግሌ ነው፣ ያግዘኛል ብሎ ነው። ጭቃውን አስቀድሞ ሰብሮ ነበር፤ ለአደም ግን ድንጋዩን መልሶ የከደነው ጥበቃ እንዳያይ እንደሆነ ነገረው። ጆንያው እንግዶቹ ፊት ቢወጣ እኔና ቃሲም ግድግዳ ላይ ቆመን እንረሸን ነበር አለኝ። የቤቱን ሰው ብዛት ነገረኝ፣ ማን ያበላቸዋል አለኝ። ከአጥሩ ሥር ወደ ቦርከና ስለተነዱት አልጠየቅኩትም። ጥያቄውን ብጠይቀው የምመታው ይመስለኝ ነበር።

*

ጀይላንን ጣቢያው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ቃሉን ጽፌ ሳልጨርስ ልሳነወርቅ ደረሰ። ጽሑፉን ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ለጀይላን ግባ ቤትህ አለው። ጀይላን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ሄደ። ሙሀመድኑር መሬት መሬት አየ።

«ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» አልኩ።

«እንግዶቹ ሲመለሱ ምሳ የሚበሉት እሱ ቤት ነው» አለ ልሳነወርቅ። «ስለ ስንዴ የሚያወራ ወረቀት ከዚህ ጣቢያ አይወጣም። ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ጓድ ሰሊማ፤ ስለ ሴትየዋ አስቤያለሁ። አደጋ ነው ብለሽ ጻፊ። ልጁ አላወቀም፣ ጉድጓዱ ገደለው። ሴትየዋ ቤተሰብ ናትና ይህን ተቀብላ ጣቷን ታትም። ማታውኑ ቤቷ ትገባለች። ካልሆነ ነገ እሷ ደሴ ናት፤ አንቺም አብረሽ ሄደሽ ስለዚህ ወረቀት ታስረጃለሽ።»

ሲጋራውን ሊያጨስ በረንዳው ላይ ወጣ። ወንበር ሲስብ ሰማሁት።

ብዙ አላሰብኩም። የሞተው ሞቷል፤ ያለችውን ማትረፍ ይሻላል። ደሴ ስመለስ አንድ የማምነው ዐቃቤ ሕግ አገኝ ይሆናል። አንድ ሴት በሕይወት ማግኘት ከመዝገብ ይበልጣል። እንዲህ እያልኩ ፋጡሜን አስጠራኋት።

ነገሩን ሳላስጌጥ ነገርኳት። ከፈረመች ዛሬ ቤቷ ታድራለች፤ ካልፈረመች ነገ ደሴ ናት። በሁለቱም መንገድ ገዳዩ ቤቱ ያድራል።

«ማን ነው?» አለች።

«ጀይላን ነው። ጉድጓዱ ተናፍሷል ብሎ ዋሸው። ፋኖስዎን ወስዶ ባትሪ ሰጠው።»

አልጮኸችም። ሻሿን አስተካከለች። ለጀይላን ሰርግ ሦስት ቀን እንጀራ እንደጋገረች፣ የመጀመሪያ ልጁንም ያዋለደችው የእሷ እናት እንደሆነች ነገረችኝ። ከዚያ ብፈርም ወረቀቱ ምን ይላል አለችኝ።

«አደም ባለማወቅ ያልተናፈሰ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞተ ይላል።»

«ነግሬዋለሁ እኮ። ደግሞልኛል። አሁን እኔ ልጁ የነገሩትን የማይሰማ ቂል ነበር ብዬ ጣቴን ላትም ነው?»

«እትዬ ፋጡሜ፣ ካላተሙ ይገድሉዎታል።»

«እዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው እንዳለ አላየሽም? ቤቴ ብገባ ምን በልቼ ነው የምኖረው? የጀይላንን ዳቦ እየሸተትኩ?» ጠረጴዛዬን በጣቷ ነካችው። «የገደለውን ሰው ስም ጻፊው፣ ልጄ። ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ተናደድኩባት። ላድናት ስል እምቢ የምትል ግትር አሮጊት ናት ብዬ ተናደድኩባት። ቀጥሎ በረንዳው ላይ የሚጨሰው ሲጋራ ሸተተኝና ንዴቴ አቅጣጫውን አገኘ። አዲስ ወረቀት አወጣሁ። የጀይላንን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ፤ የቃሲምን ጻፍኩ፤ ጆንያዎቹን ያስጫነውን ሰው ስም ከነሹመቱ ጻፍኩ። ፋኖሱን ጻፍኩ፣ ባትሪውን ጻፍኩ። ስጨርስ ወደ እሷ ገፋሁት።

«ማንበብ አልችልም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ቀስ ብዬ አይደለም፤ በረንዳው ላይ ያለው ሰው አንዲት ቃል እንዳያመልጠው አድርጌ ነው። ሁለተኛው ስም ላይ ስደርስ ወንበሩ ሲጢጥ ማለቱን አቆመ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ተነሥቶ በበሩ ላይ ቆመ። አላቆምኩም።

«ሁለታችሁም ነገ መኪናው ላይ ናችሁ» አለ ልሳነወርቅ።

ፋጡሜ ዞር ብላም አላየችው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ የተረፈውን ቀለም በጣቢያው ነጭ ግድግዳ ላይ ጠረገችው። ሙሀመድኑር ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ማንን እንደሚጠብቅ የጠፋበት መሰለ። እኔም ውሰዳት አላልኩም።

ተነሣች። በካድሬው አጠገብ አልፋ ግቢውን ብቻዋን አቋረጠች። የእስር ክፍሉ ውስጥ ገባችና የቆርቆሮውን በር ራሷ ስባ ዘጋችው።